ውሃው በእግርም ይገባል

ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን። የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ነገር «ወስፋት ቆላፊ» ነው፤ ጥሩ የወጥ ሽታ ሲመጣ ደግሞ ወስፋታችን ይከፈታል። ቃሉ በአፋችን ከመለመዱ የተነሳ ብዙዎቻችን ወስፋትን እንደ ጨጓራ ያለ የሰውነት ክፍል አድርገን እንወስደዋለን። ወስፋት ግን ትል ነው። ትንሹ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ሴቷ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ቅድመ አያቶቻችን ከዚህ ትል ጋር ስንት ዘመን ቢኖሩ ነው የገዛ ረሃባቸውን በስሙ የጠሩት?

ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ አንድ የወላይታ አባት ነው። ልጁን ጤና ኬላ ይዞ መጥቶ ተራ ሲጠብቅ ምን እንዳመመው ጠየቅሁት። «ምንም አላመመውም፤ ትል ነው» አለኝ። ቀጠለና፦ «ትል የሌለበት ልጅ አለ እንዴ ጋሼ?» አለ። ሲናገር ፊቱ ላይ ጭንቀት አልነበረም። ስለ ዝናብ ወይም ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። የልጁ ሆድ ግን ተነፍቷል፤ እጁና እግሩ ቀጭን ነው፤ የዓይኑ ቆብ ሲገለጥ ውስጡ ነጥቷል። የዓይን ቆብ መንጣት የደም ማነስ ምልክት ነው።

ወላይታን ለማያውቅ አንባቢ መልክዓ ምድሩን ላሳይ፤ ነገሩ ሁሉ ከቁልቁለቱ ጋር የተያያዘ ነውና። ከወላይታ ሶዶ ከተማ ራስጌ የዳሞታ ተራራ ቆሟል። ከተራራው ወገብ የሚፈልቁት ምንጮች ቀዝቃዛና ኩልል ያሉ ናቸው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ መሬቱ እያዘቀዘቀ ብላቴ ወንዝ ይደርሳል፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አባያ ሐይቅ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ የኦሞ ሸለቆ አለ። አንድ ሰው ጠዋት ከደጋ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ቆላ ሊገባ ይችላል። በመካከል ያለው ወይና ደጋ በገጠር ሕዝብ ጥግግት በአገራችን ከሚጠቀሱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ቤቱ ከቤት፣ እንሰቱ ከእንሰት የተያያዘ ነው፤ የአንዱ ጓሮ የሌላው ደጃፍ ነው። አንዱ ቤት የሚጥለው ቆሻሻ ጎረቤት ሳይደርስ አይቀርም።

ውሃ በወላይትኛ «ሃታ» ነው። አንዲት የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሃታዋን እንዴት ከምንጭ እስከ ቤት እንደምታደርስ አንድ የበጋ ጠዋት አብሬያት ሄጄ አየሁ። የሄድንበት ምንጭ የጎለበተ ነው። ዓይኑ በሲሚንቶ ተገድቧል፤ ውሃው በቧንቧ ይወርዳል። ቧንቧው አፍ ላይ የሚወርደውን ውሃ መርምሩት ብትሉኝ ከአዲስ አበባ ቧንቧ የሚያንስ አይመስለኝም። ልጅቱ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን አወረደች። አንድ እፍኝ አሸዋና ጠጠር አፍሳ ጨመረችበት፤ ትንሽ ውሃ አከለችና ሁለት እጇን አጣምራ ወዘወዘችው፤ ደፋችው። ጎበዝ ናት፤ እናቷ ያስተማረቻት ነው። እጀታው ከጀሪካኑ አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ጠጠር የማይደርስበት አረንጓዴ ሽበት ቀርቷል። አሸዋውም የታፈሰው ከብት ከቆመበት መሬት ነው። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ወተፈችው። ቅጠሉን ከመወተፏ በፊት መሬት ላይ አስቀምጣው ነበር። ቤት ስትደርስ ውሃውን እንስራ ውስጥ ገለበጠችው። ታናሽ ወንድሟ ከጓሮ ሲጫወት መጥቶ ጣሳውን ከነእጁ ነከረና ጠጣ።

ቧንቧው ሥር ንጹሕ የነበረው ውሃ ጣሳው ላይ ሲደርስ ሌላ ውሃ ሆኗል። ስለ ንጹሕ ውሃ ስንነጋገር ጉድጓድ መቆፈርን፣ ምንጭ ማጎልበትን፣ ቦኖ መትከልን እንቆጥራለን። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ንግግሩም የለም። ልጅቱ በወንዝና በኩሬ ዘመን ከኖረችው አያቷ የተሻለ ዕድል አላት። ቢሆንም ውሃው ከምንጭ እስከ አፍ ያለውን መንገድ ማንም አብሮት ሄዶ አይቆጥርም። አደጋው ደግሞ ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ከሚሳፈሩት ውስጥ ስሙ በሁሉም አፍ ላይ ያለው ጃርዲያ ነው። ጃርዲያ ትል አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ከሰው ሆድ ሲወጣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይወጣል። በቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት ሊቆይ ይችላል። የዳሞታ ምንጮች ቅዝቃዜ ለጠጪው ደስ የሚለውን ያህል ለእሱም ይመቸዋል። 10 ያህሉ ብቻ ወደ ሆድ ከገቡ ሰው ለመያዝ ይበቃሉ። ልጅን ለሳምንታት የሚያስቀምጥ፣ ቅባት ያለበትና የሚሸት ተቅማጥ ያመጣል፤ የበላው እህል ለሰውነቱ ሳይውል ያልፋል። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ክሎሪን፣ ለምሳሌ ውሃ አጋር፣ የተቅማጥ ባክቴሪያዎችን በደንብ ይገድላል፤ ጃርዲያ ግን ከባክቴሪያ የበለጠ ጊዜና መጠን ይፈልጋል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ሌላ ጥገኛ ደግሞ ክሎሪንን ጨርሶ ይቋቋማል። ማፍላት ሁሉንም ያጠፋል። ሶዶ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ወይም በ94 ዲግሪ ነው፤ ከፍታው ስለሚቀንሰው። ያም ሆኖ ይበቃል። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ግን ማገዶው ከየት እንደሚመጣ አብሮ ማሰብ አለበት። ባሕር ዛፉን ገዝታ ወይም ተሸክማ የምታመጣው ያችው ውሃ የምትቀዳው ሴት ናት።

የአሜባን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማያደርገው መንትያው አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ «አሜባ አለብህ» ከተባሉት ብዙዎቹ ያለባቸው የዋሁ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ኮሶንም ከዚህ ጎራ ላውጣው። ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ እንጂ ከውሃ አይደለም። ለአዲስ ዓመቱ ለጊፋታ በሬ አርዶ ጥሬውን በዳጣ መብላት ለወላይታ ሰው የክብር ጉዳይ ስለሆነ ኮሶ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል።

ወደ ወስፋት ልመለስ። ወስፋት ውሃ ውስጥ ቢገኝም ቤቱ አፈር ነው። እንቁላሉ ከሰው እንደወጣ ወዲያውኑ ሰው አይዝም። እርጥበትና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መብሰል አለበት፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አሁን የእንሰት ጓሮን አስቡት። ሰፋፊው ቅጠል ፀሐይን ይከልላል፤ ሥሩ ፍግ ይጠጣል፤ አፈሩ በበጋ እንኳ አይደርቅም። እንሰት የወላይታን ሕዝብ ከብዙ ረሃብ ያሻገረ ተክል ነው፤ ክፉ ላወራበት አልደፍርም። ግን ያ ጥላ ሽንት ቤት ለሌለው ሕፃን መጸዳጃም ሆኖ ያገለግላል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። በበልግ የመጀመሪያ ዶፍ የጓሮው አፈር ታጥቦ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ ስኳር ድንቹ ከዚያው አፈር ይቆፈራል፤ ልጁ በቆፈረበት እጅ ይበላል። ወስፋት የውሃ ነው ወይስ የአፈር ብሎ መከራከር እዚህ ላይ ትርጉም የለውም። በወላይታ ቁልቁለት ላይ አፈርና ውሃ አብረው ነው የሚወርዱት።

መንጠቆ ትል ደግሞ አፍ አይጠብቅም። የትሉ እጭ እርጥብ አፈር ላይ ቆይቶ በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ በደም ተጉዞ ሳንባ፣ ከሳንባ አንጀት ይደርስና ግድግዳውን ነክሶ ደም ይመጥጣል። የዚያ ልጅ የዓይን ቆብ የነጣው በእሱ ሊሆን ይችላል። ወላይታ በባዶ እግር የሚመጣ ሌላ በሽታም ያውቃል። እግርን የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ ለረጅም ዘመን እርግማን ወይም የዘር ጣጣ ሲባል ኖሯል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት ምክንያቱ ጥገኛ ተውሳክ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ የመጣው ቀይ አፈር ራሱ መሆኑን አሳዩ። ሁለቱም በጫማ ይከለከላሉ። አንድ ጥንድ ጫማ ሁለት በሽታ ይመልሳል፤ ይህን ያህል የሚሠራ መድኃኒት ብዙ አላውቅም።

ሽንት ቤቱስ? በቀድሞው የደቡብ ክልል ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በክልሉ ሽንት ቤት የነበረው ቤተሰብ ከ13 በመቶ በታች ነበር። በጤና ቢሮው ኃላፊ በዶ/ር ሽፈራው ተክለማርያም መሪነት ከቀበሌ እስከ ጎጥ በተካሄደው ዘመቻ በሁለት ዓመት ውስጥ 78 በመቶ ደረሰ። ያለ ትልቅ ድጎማ፣ ሰው በራሱ እንጨትና በራሱ ጉልበት ነው የቆፈረው። ይህን ውጤት ሳነብ ኩራት ይሰማኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን አይለቀኝም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ሌላ ቆፈረ? ቀዳዳውን የሚፈራው የሦስት ዓመት ሕፃን የት ይቀመጣል? የሽንት ቤት ቁጥር ስንት ቤት እንደቆፈረ ይነግረናል፤ ትናንት ማታ ማን እንደተጠቀመበት አይነግረንም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያስጠነቅቀው አፍንና ጫማን ነው። ቢልሃርዚያ ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት ውሃዋን ብታፈላ፣ ጀሪካኗን ብትከድን፣ ልጆቿን በሳሙና ብታስታጥብ፣ ልጇ ግን ወንዝ ተሻግሮ ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። ስሙ የመጣው ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በወላይታ ያለው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። አካሄዱን በዝርዝር ላስረዳ፤ ያልገባን ነገር አያስፈራንምና።

የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ይጸዳዳል፤ ወይም ዝናብ ከሜዳ አጥቦ ያመጣል። እንቁላሉ ውሃ ሲነካ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ አንድ ቀን ገደማ ዕድሜ ነው ያለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት። ቀንድ አውጣዋ የምትኖረው ጅረቱ በሚዘገይበት፣ ሳር በበዛበት፣ ውሃው በሚሞቅበት ቦታ ነው። ቀዝቃዛው ደጋ ብዙም አይስማማትም፤ የብላቴ ገባሮች፣ የመስኖ ቦዮችና የአባያ ዳርቻ ግን ይመቿታል። እጩ በውስጧ ይራባል፤ ከአንድ ወር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ በኋላ በየቀኑ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በሺ የሚቆጠሩ ባለ ጭራ እጮች ይወጣሉ። የሚወጡት ደግሞ በአብዛኛው ፀሐይ ስትከር፣ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ እግር ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ሰውየው ምናልባት ትንሽ ማሳከክ ቢሰማው ነው። ትሎቹ ወንድና ሴት ተቃቅፈው በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ዓመታት ይኖራሉ። ከሚጥሉት እንቁላል የተወሰነው ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ የቀረው ጉበት ላይ ይጣበቃል። ጉበቱን የሚያጠነክረው፣ ጣፊያውን የሚያሳብጠው፣ በመጨረሻ ሆድን ውሃ የሚያስቋጥረው ያ የቀረው እንቁላል ነው።

እንግዲህ በዚያ የፀሐይ ሰዓት ውሃ ውስጥ ያለው ማን ነው? ከብት የሚያጠጡ ወንድ ልጆች አሉ፤ ካጠጡ በኋላ ይዋኛሉ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችና ልጃገረዶች ለሰዓታት እስከ ጉልበታቸው ይቆማሉ። መስኖ የሚያዞር ገበሬ አለ። ከፈረቃ ትምህርት የሚመለሱ ተማሪዎች አሉ። ጥናቶች እነዚህን «ተጋላጭነትን የሚጨምሩ ምክንያቶች» ይሏቸዋል፤ በወላይታ ቋንቋ ብንተረጉማቸው የልጅ ሥራ ዝርዝር ይሆናሉ። ወንዝ ግባ የተባለ ልጅ ወንዝ ገብቶ ታመመ። ጥፋተኛ አድርገን ልናስተምረው ስንሞክር አፍራለሁ።

ወደ ብላቴ በሚያዘቀዝቀው በዳሞት ወይዴ ወረዳ፣ ዴምባ ጊራራ በሚባል አካባቢ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ልጆች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ቢልሃርዚያ እንዳለባቸው አገኘ። የዞኑ አማካይ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ቢልሃርዚያ እንደ ጉንፋን በየቤቱ አይደርስም፤ አንድ መሻገሪያ፣ አንድ ቦይ፣ አንድ ማጠቢያ ቦታ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ አማካይ ቁጥሩን አይቶ «ወላይታ ደህና ነው» የሚል ሰው ዴምባ ጊራራን ሳያይ ይሄዳል። ውሃን ያስቆምንበት ቦታ ሁሉ ይህን ያስታውሰናል፤ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ቦዮች ከውሃው ጋር ቢልሃርዚያንም አምጥተዋል። በሴኔጋልም የዲያማ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተዘጋ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው ያልነበረበት ሪሻር ቶል ከተማ በወረርሽኝ ተመታ።

በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ ከያዙት ሰዎች አንዱ የእኛው ሰው ናቸው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ከበላይ ያሉት በሕይወት ነበሩ። ያ ቅጽበት ለእኔ ከማውቃቸው የሳይንስ ታሪኮች ሁሉ ያምርብኛል። ሴቶቹ ለዘመናት በእጃቸው የያዙትን ፍሬ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። በእንዶድ ዓድዋ ላይ በተካሄደ የአምስት ዓመት ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶ/ር አክሊሉ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድ ግን በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ዓሣም ይገድላል፤ ቀንድ አውጣውም ተመልሶ ስለሚራባ በየጊዜው መጨመር አለበት። ሆኖም ተጨማሪ ገንዘብና ትዕግሥት ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ማሰቤን አልተውኩም።

ወላይታ ላይ በቅርብ ዓመታት የተካሄደው ትልቁ ሙከራ ሌላ ነው። ስሙ «ገሺያሮ» ነው፤ ንጽህናን የሚያመለክት የወላይትኛ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከውጭ አጋሮች ጋር የጀመሩት ነው። ጥያቄው ደፋር ነበር፤ ትልን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ስርጭቱን ጨርሶ ማቋረጥ ይቻላል ወይ? ከዚያ በፊት የትል መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ለተማሪዎች ነበር። ትምህርት ያቋረጠችዋ ልጅ፣ እናት፣ እርሻ ላይ ያለ አባት ይቀሩ ነበር፤ ትሉ እነሱ ጋ ይጠብቃል፤ ልጁን ተመልሶ ይይዘዋል። ገሺያሮ በአንዳንድ አካባቢዎች ለመላው ማኅበረሰብ መድኃኒት ይሰጥ ነበር፤ በከፊሎቹ ደግሞ የውሃና የንጽህና ሥራ ይታከልበት ነበር። ማን እንደወሰደና ማን እንደቀረ በጣት አሻራ ይመዘገብ ነበር። የመድኃኒቱን ብቻና የመድኃኒቱን ከውሃው ጋር ውጤት ጎን ለጎን ማየት ነበር ዓላማው፤ ስንከራከርበት የኖርነው ጥያቄ በመጨረሻ በአንድ መሬት ላይ ተለካ።

መድኃኒቱ ሲሰጥ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በቀለም የተከፋፈለ የቁመት መለኪያ እንጨት ቆሟል። ልጆቹ ተራ በተራ እየተጠጉ ይለካሉ፤ የቁመቱ ቀለም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የቢልሃርዚያ መድኃኒት ፍሬ ቁጥር ይወስናል። ፍሬው ትልቅና መራራ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ዳቦ ታድሎ ነበር። አንዲት አጭር ልጅ ከፍ ያለ ቀለም ላይ ለመድረስ በእግሯ ጣት ቆመች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትከሻዋን በቀስታ ጫን አድርጋ «ቀስ በይ የኔ እናት፤ ብዙ መዋጥ አያሳድግም» አለቻት። ልጅቱ የደረሳትን ፍሬ ወሰደች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ዋጠች። መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ ያሉትን ያደጉ ትሎች ይገድላል፤ ባለፈው ሳምንት የገቡትን ጨቅላዎች ግን አይነካም።

ሲለቀቁ ተከትያቸው ወረድኩ። ከትምህርት ቤቱ በታች ጅረት አለ። መንገዱ ከጅረቱ ሲደርስ ያበቃና ከማዶ ይቀጥላል። ሁለት ግንድ ቢጋደም የሚሻገሩት ነው፤ የተጋደመ ነገር ግን የለም። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ፀሐይዋ ትፋጃለች። ልጆቹ ጫማ ያላቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፤ እንዳይበላሽ። ያቺ አጭር ልጅ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች፤ መካከል ላይ ስትደርስ ውሃው ስላረካት ቆም አለችና እግሯን አራገበች።